በገዛ ፈቃዱ ወደ በረዶ የወጣውን ማን ያውርደው?

አንድ ሰው በራሱ ምርጫ አደጋ ላይ በወደቀ ጊዜ ከአፋችን የሚወጣው ቃል ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቀዋለን። «የእጁን ነው ያገኘው» እንላለን፤ አንዳንዴም «ማን ውጣ አለው?» ብለን እንጨምርበታለን። ቃሉ አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜም እውነትነት አለው። ነገር ግን በዚህ አጭር ቃል ውስጥ ሁለት የተለያዩ ፍርዶች ተደርበው ይገኛሉ። አንደኛው ስለ ወደቀው ሰው ጥፋት የሚናገር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ስለ እኛ ግዴታ ይናገራል፤ ይኸውም «እንግዲህ እኛን አይመለከተንም» የሚለው ነው። የፊተኛው ፍርድ ትክክል ሆኖ ሳለ የኋለኛው ሐሰት ሊሆን ይችላልን? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንሻው ይህንኑ ነው።

ለዚህም ሲባል አንባብያንን ራቅ ወዳለ ስፍራ፣ ወደ አልፕስ ተራሮች ልንወስዳቸው ግድ ይሆንብናል። በአገራችን ተራራ ሞልቷል፤ በስሜን ጫፎች ላይም አልፎ አልፎ በረዶ ይታያል፤ ነገር ግን ዓመት ሙሉ የማይቀልጥ የበረዶ ግግር የለንም። አልፕስን የመረጥነው ጥያቄው በዚያ ራቁቱን ስለሚቆም ነው። ጎርፍ የወሰደው ወይም ቤቱ የተቃጠለበት ሰው አደጋውን አልመረጠም። ተራራ ወጪው ግን ገንዘቡን ከፍሎ፣ ጫማውን አጥብቆ፣ ገመዱን ተሸክሞ ነው ወደ አደጋው የሄደው። የሚያሳድደው ጠላት የለም፤ በጫፉ ላይም የሚለቅመው ወርቅ የለም። ሊያድነው የሚወጣው ሰው ደግሞ እርሱም ልጆች ያሉት፣ እርሱም በዚያው ናዳ ሊቀበር የሚችል ሰው ነው።

ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። ር.ሊ.ጳ. ጲዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1923 ዓ.ም. የሜንቶኑን ቅዱስ በርናርዶስ የአልፕስ ነዋሪዎች፣ መንገደኞችና ተራራ ወጪዎች ጠባቂ አድርገው ሰይመዋል። (ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እርሳቸውም ስለማያውቁት ነገር አልጻፉም። ገና አኪሌ ራቲ የሚባሉ የሚላኖ ካህን ሳሉ፣ በ1889 ዓ.ም. ከአንድ ሌላ ካህንና ከሁለት መንገድ መሪዎች ጋር ሞንቴ ሮዛ የተባለውን ተራራ በኢጣሊያ በኩል ባለው በምሥራቃዊ ገጹ ወጥተዋል። ጫፉ 4,634 ሜትር ከፍታ አለው። ሲወርዱ ሊመሽባቸው ስለሆነ ከጫፉ ጥቂት ዝቅ ብሎ ባለ ጠባብ ዐለት ላይ ሌሊቱን አነጉ፤ በዚያ ብርድ እንቅልፍ ማለት ሞት ማለት ነበርና ነቅተው ቆዩ። በዚያው ገጽ ላይ ከ8 ዓመት በፊት፣ በ1881 ዓ.ም. አንድ ተራራ ወጪና ሁለት መሪዎቹ በበረዶ ናዳ አልቀው ነበር። «አንድ ካህን በዚያ ሌሊት እዚያ ምን ይሠራ ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም። እርሳቸው ግን ትክክለኛው ተራራ መውጣት የድፍረት ጨዋታ ሳይሆን ጥንቃቄ፣ ብርታትና የፍጥረት ውበት የሚገናኙበት ሥራ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በጥንቃቄና በድፍረት መካከል ያለው ልዩነት የጉዳያችን እምብርት ስለሆነ ኋላ እንመለስበታለን።

ቅዱስ በርናርዶስ ለተራራ ወጪዎች ጠባቂነት የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። በስዊዘርላንድና በኢጣሊያ ወሰን ላይ፣ በ2,470 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ በስሙ የሚጠራ መተላለፊያ አለ፤ የእኛ ሰዎች ጣርማ በርን «በር» እንደሚሉት ያለ በር ነው። የአኦስታ ሊቀ ዲያቆናት የነበረው በርናርዶስ በ11ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በዚያ በር ላይ የእንግዳ መቀበያ ቤት መሠረተ። የቅዱስ አጎስጢኖስን ሥርዓት የሚከተሉ ካህናትም እስከ ዛሬ ድረስ ይኖሩበታል። በክረምት በየዕለቱ ከቤቱ ወጥተው፣ ከፊሎቹ በስዊዘርላንድ በኩል፣ ከፊሎቹ በኢጣሊያ በኩል እየወረዱ መንገድ የጠፋበትን መንገደኛ ይፈልጉ ነበር። ከ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ጀምሮም ስመ ጥር የሆኑትን ውሾች ያረቡ ጀመር። ከእነዚህ አንዱ፣ ከ1800 እስከ 1814 የኖረው ባሪ፣ ከ40 በላይ ሰዎችን አድኗል ይባልለታል። (በሥዕል ላይ በውሾቹ አንገት የምትንጠለጠለው ትንሽ በርሜል የሠዓሊ ፈጠራ ናት፤ ውሻው የሚያስፈልገው አፍንጫው ብቻ ነበር።) ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ የውሾቹ እርባታ ለአንድ ድርጅት ተላልፏል፤ የፍለጋውንም ሥራ ሄሊኮፕተር ተረክቦታል። ቤቱ ግን ዛሬም ክፍት ነው።

በዚህ ቤት ታሪክ ውስጥ ልብ ልንለው የሚገባን ነገር፣ መንገደኛው ለምን እንደ መጣ አለመጠየቁ ነው። በበሩ ነጋዴም፣ ተሳላሚም፣ ቀረጥ የሚሸሽ ኮንትሮባንዲስትም አልፎበታል። በ1800 ዓ.ም. በግንቦት ወር ናፖሊዮን 40,000 ያህል ሠራዊት ይዞ ሲያልፍበት፣ ወደ ጦርነት ለሚወርደው ወታደር ካህናቱ ዳቦና አይብ አቅርበዋል። ጦርነቱን መረቁ ማለት አይደለም። የተራበና የበረደው ሰው በበራቸው ላይ ስለ ቆመ ነው። ከቤቱ አጠገብ ደግሞ በበረዶ ውስጥ ሞተው የተገኙ ሰዎች ሬሳ የሚቀመጥባት ቤት ነበረች፤ መሬቱ ዐለት ስለሆነ መቃብር አይቆፈርበትም። ካህናቱ በየቀኑ ሲወጡ ያልደረሱላቸውን ሰዎች እያዩ ነበር የሚወጡት።

በዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «የጥንቱ መንገደኛ ኑሮ አስገድዶት፣ እንጀራ ፍለጋ ያለፈ ነው። የዛሬው ተራራ ወጪ ግን ለደስታው የወጣ ነው። ሁለቱን እንዴት ታመሳስላላችሁ?» ይባላል። ይህን ተቃውሞ በቀላሉ ልናልፈው አንችልም፤ እውነተኛ ሰዎች እውነተኛ ውሳኔ ወስነውበታልና።

በዲሴምበር 22 ቀን 1956 ዓ.ም. ዣን ቬንሳንዶን የተባለ የ24 ዓመት ፈረንሳዊና ፍራንሷ ኦንሪ የተባለ የ22 ዓመት ቤልጄማዊ ሞንት ብላንክን በብሬንቫ በኩል በክረምት ለመውጣት ከሻሞኒ ከተማ ተነሡ። በዚያው ገጽ ላይ ዝነኛው ኢጣሊያዊ ዋልተር ቦናቲና ጓደኛው ይወጡ ነበር። በልደት ሰሞን ብርቱ ማዕበል ያዛቸው። ቦናቲ ጓደኛውን ይዞ ከጫፉ ባሻገር ወደ አንድ መጠለያ ደረሰ፤ ጓደኛውም ብርድ ጣቶቹን በልቶት ተረፈ። ሁለቱ ወጣቶች ግን ወደ ኋላ ቀርተው፣ በ4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በበረዶ ግግር መካከል ተያዙ። የከተማው ሰው ከታች ሆኖ በመነጽር ያያቸው ነበር። ይህ ነው ታሪኩን ከሌላው የተራራ ሞት የሚለየው፤ የጠፉ ሰዎች አልነበሩም፤ የት እንዳሉ ሁሉም ያውቃል፤ ጋዜጠኛውም፣ ሆቴል ያረፈው ሀብታምም በመስኮቱ ያያቸዋል።

የሸለቆው መንገድ መሪዎች ማኅበር ግን በእግር አልወጣም። ምክንያቶቻቸው ቀላል አልነበሩም። ወቅቱ ክረምት ነው፤ መንገዱ ናዳ የሚወርድበት ነው፤ መሪዎቹም የቤተ ሰብ አባቶች ናቸው። ከ6 ዓመት በፊት፣ በኖቬምበር 1950፣ 48 ሰዎችን የያዘ የሕንድ አውሮፕላን በዚያው ተራራ ላይ ወድቆ በነበረ ጊዜ፣ ወደ ስፍራው ሊደርሱ ከወጡት አንዱ የሆነው መሪ ሬኔ ፓዮ ሕይወቱን አጥቷል፤ ከአውሮፕላኑ ተሳፋሪዎች ግን በሕይወት የተገኘ አንድም አልነበረም። ይህ ትዝታ ትኩስ ነበር። ከእነዚህ ምክንያቶች ጋር ግን አንድ ሌላ ምክንያትም በሸለቆው ይነገር ነበር፤ ወጣቶቹ በክረምት መውጣት አልነበረባቸውም፣ ጥፋቱ የራሳቸው ነው የሚል። የአናፑርና ጉዞ ባልደረባ በመሆኑ የታወቀው ሊዮኔል ቴሬ ይህን አልቀበልም ብሎ ፈቃደኞችን ሰብስቦ በእግሩ ተነሣ፤ በዚህም ምክንያት ከማኅበሩ ጋር ተለያየ።

የጦር ሠራዊቱ ሄሊኮፕተር ላከ። በዲሴምበር 31 ቀን ሄሊኮፕተሩ ከወጣቶቹ አጠገብ ወድቆ ተሰበረ። አሁን የሚታደጉት ሁለት መሆናቸው ቀርቶ አብራሪዎቹም ተጨመሩ። አዳኞቹ ሁለቱን ወጣቶች መሸከም ስላልቻሉ በተሰበረው ሄሊኮፕተር ሆድ ውስጥ አስቀመጧቸውና አብራሪዎቹን ይዘው ወደ መጠለያው ወጡ። በጃንዋሪ 3 ቀን 1957 ዓ.ም. ሌሎች ትናንሽ ሄሊኮፕተሮች አብራሪዎቹንና አዳኞቹን ከመጠለያው አወረዱ፤ በስብርባሪው ላይ ሲያንዣብቡ የሕይወት ምልክት አላዩም፤ የማዳኑም ሥራ በዚያው ቆመ። የወጣቶቹ ሬሳ የወረደው በማርች ወር ነው።

በዚህ ላይ ምን እንፈርዳለን? ቅዱስ ቶማስ አኵዊናስ የፍቅርን ሥርዓት ባብራራበት ክፍል፣ ለጥያቄያችን የሚጠቅም ጥንቃቄ የተሞላ ትምህርት ትቶልናል። እያንዳንዱ ሰው የገዛ ሥጋውን የመጠበቅ ቅርብ አደራ አለበት፤ ስለዚህ በኃላፊነት ወይም በሁኔታው አስገዳጅነት ካልተያዘ በቀር፣ ሥጋውን ለባልንጀራው ሲል ለአደጋ እንዲያጋልጥ ፍቅር በግድ አይጠይቀውም፤ በፈቃዱ ሲያደርገው ግን ይህ የፍቅር ፍጹምነት ነው ይላል። በዚህ ሚዛን ሲታይ፣ ናዳ በሚወርድበት መንገድ አልሄድም ያለው የልጆች አባት ነፍሰ ገዳይ ሊባል አይገባውም። ቴሬ ያደረገውም ከማንም በዕዳ የሚጠየቅ አልነበረም፤ ከዕዳ የበለጠ ነበር። ነገር ግን ቅዱስ ቶማስ ከዘረዘራቸው ምክንያቶች መካከል አንድ የሌለ ነገር እንዳለ አንባቢ ያስተውል፤ የሚድነው ሰው ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑ አልተጠቀሰም። ግዴታውን የሚወስኑት የአዳኙ ኃላፊነት፣ የአደጋው ክብደትና የመድረስ ተስፋ ናቸው። «ናዳ አለና አልሄድም» የሚል ሰው ስለ ተራራው እውነት ይናገራል። «የእጁን አገኘና አልሄድም» የሚል ግን ራሱን በዳኛ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ የትኛውም ሕግ የሞት ቅጣት ባላዘዘበት ጥፋት ሞት ፈርዷል። ጌታችንም በሰንበት ጉድጓድ የገባውን በሬ ስለማውጣት በተናገረ ጊዜ በሬው እንዴት እንደ ገባ አላነሣም። ደጉ ሳምራዊም ያን ሰው «ሽፍታ ባለበት መንገድ ብቻህን ለምን ወረድህ?» አላለውም፤ ሊለው የሚችልበት በቂ ምክንያት ግን ነበረው።

በ1956ቱ ታሪክ እጅግ የሚያሳዝነን አንድ ነገር አለ። በዚያ ሸለቆ ጀግና አልጠፋም፤ የጠፋው በኃላፊነት የተያዘ ሰው ነው። መሪዎቹ በማኅበራቸው፣ ሠራዊቱ በአለቆቹ፣ መንግሥት በቢሮው፣ ሁሉም የራሱ ምክንያት ነበረው። በቅዱስ በርናርዶስ በር ላይ ግን ወደ ቤቱ የገባ ካህን ሁሉ በማዕበል ጊዜ የሚወጣው እርሱ መሆኑን አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ፈረንሳይ በ1958 ዓ.ም. የተራራ ማዳንን ሥራ የመንግሥት ኃላፊነት አድርጋ አደራጀች፤ ዛሬ በሻሞኒ ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ ጃንደርሞች ሌት ተቀን ተዘጋጅተው ይጠባበቃሉ። የማኅበረሰብ ግዴታ በአደጋው ሌሊት አይጀምርም ማለት ነው። በዚያ ሌሊት ያልተዘጋጀ ሰው ያለው ምርጫ ዝም ብሎ ማየት ወይም አብሮ መሞት ብቻ ነው።

የሠለጠነ አዳኝም ቢሆን «ዛሬ አይቻልም» የሚልበት ሰዓት አለ። የእርሱ ሕይወት ከወደቀው ሰው ሕይወት አታንስም። ቡድኑን ወደማይመለስበት ናዳ የሚሰድ አለቃ ፍቅር አብዝቷል አንልም፤ የሙታንን ቁጥር አብዝቷል እንጂ። እንዲህ ያለውን ውሳኔ የሚወስን ሰው ከበታች ሆነው የሚያሙት ሳይሆን አብረውት የሚነጋ ሌሊት የሚጠብቁ ሰዎች ያስፈልጉታል።

እስከዚህ ድረስ ስለ አዳኙ ተናገርን። ተራራ ወጪውስ? «ሕይወቴ የራሴ ናት፤ ብሞትም የምሞተው እኔ ነኝ» የሚለው ንግግር በወጣቶች ዘንድ የተለመደ ነው። እምነታችን ሕይወት የተሰጠችን አደራ መሆኗን ያስተምረናል፤ ነገር ግን ይህን የማያምን ሰው እንኳ በተራራው ላይ ንግግሩ እንደማያዋጣው ሊረዳ ይችላል። ሰው ወደቀ በተባለ ሰዓት አንድ አብራሪ ከአልጋው ይነሣል፤ አንድ ሐኪም በገመድ ተንጠልጥሎ ይወርዳል። ወጪው ሳያውቃቸው በሕይወታቸው ላይ ወስኗል። ስለዚህ የእርሱ ጥንቃቄ ለማያውቀው ሰው የሚከፍለው ፍትሕ ነው። ድፍረት ከመጠን ሲያልፍ ከብርታት የተለየ ነውር እንደሚሆን የጥንት መምህራን ያስተማሩትም ይህንኑ ነው።

ይህ ጥንቃቄ በቃል ብቻ የሚቀር አይደለም፤ መልክ አለው። በአልፕስ አገሮች በክረምት በየዕለቱ የበረዶ ናዳ ማስጠንቀቂያ ይወጣል፤ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ በመላው አውሮፓ ከ1 እስከ 5 ባለው አንድ መለኪያ ይነገራል። ደረጃ 3 መካከለኛ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው የሚሞተው በዚሁ ደረጃ ነው፤ 5 ሲባል ሁሉም ቤቱ ይቀመጣልና። ሰውን የሚገድለውን ናዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስነሣው ራሱ ሟቹ ወይም ጓደኛው ነው፤ በተዳፋቱ ላይ የሚያሳርፉት ክብደት የላላውን ድርብርብ በረዶ ይቆርጠዋል። በናዳ የተቀበረ ሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ ከወጣ ከ10 ሰዎች 9ኙ ያህል ይተርፋሉ፤ ግማሽ ሰዓት ከሞላ ግን የሚተርፈው ከሦስት አንድ ያህል ብቻ ነው። በ10 ደቂቃ የሚደርስ ሄሊኮፕተር በጣም ጥቂት ነው። እንግዲህ አዳኙ አጠገብ ያለው ጓደኛ ነው ማለት ነው፤ ለዚህም እያንዳንዱ ሰው ምልክት የምትልክና የምትቀበል ትንሽ መሣሪያ በደረቱ፣ በረዶውን የሚወጋበት ረጅም ዘንግና አካፋ በጀርባው ሊይዝ ይገባዋል። አካፋ ያልያዘ ሰው ከራሱ ይልቅ ጓደኛውን ነው የበደለው፤ ጓደኛው ሲቀበር በምን ይቆፍራል?

የቀረውን በአጭሩ እንናገር። የሚሄድበትንና የሚመለስበትን ሰዓት ለሰው ሳይናገር አይነሣ። በበረዶ ግግር ላይ ያለ ገመድ አይሂድ፤ ስንጥቁን አዲስ በረዶ ይሸፍነዋል። የመመለሻ ሰዓቱን ቤቱ ሆኖ ይወስን፤ ጫፉ ሲታይ የሚወሰን ውሳኔ የሚያዳላ ነውና። ከወደቀም በአውሮፓ 112 ይደውል። ስልክ በማይሠራበት በፉጨት ወይም በመብራት በአንድ ደቂቃ 6 ጊዜ ምልክት ይስጥ፤ አንድ ደቂቃ ያርፍ፤ ደግሞ ይድገም። የሰማው ሰው በደቂቃ 3 ጊዜ ይመልስለታል።

ስለ ወጪው ክፍያም ክርክር አለ። በፈረንሳይ ተራሮች መንግሥት የሚያካሂደው ማዳን ለሚድነው ሰው በነጻ ነው፤ በስዊዘርላንድ ግን ወጪውን የሚሸፍነው ሰውየው ወይም መድኑ ነው። ሁለቱም መንገዶች በፍትሕ ሊደገፉ ይችላሉ ብለን እናምናለን። ሰው ከዳነ በኋላ የጥፋቱን ዋጋ ቢከፍል ጭካኔ አይደለም። ሆኖም ደረሰኙን እየፈራ ጥሪውን የሚያዘገይ ሰው፣ አዳኞቹን በቀን ብርሃን ሳይሆን በጨለማ እንደሚያስወጣቸው መዘንጋት የለበትም። በዚህ ምክንያት ልባችን ወደ ፊተኛው ያደላል።

ከ2016 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ደግሞ ጥያቄው ሌላ መልክ ይዞ መጥቷል። ከኢጣሊያ ወደ ፈረንሳይ በሚያሻግረው በሞንዥኔቭር በር፣ በ1,850 ሜትር ከፍታ፣ ከአፍሪካና ከእስያ የመጡ ስደተኞች ፖሊስን ሽሽት መንገዱን ትተው በሌሊት በበረዶ ውስጥ ያልፋሉ። ብዙዎቹ በረዶ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። እግራቸውን ብርድ የበላቸው አሉ፤ የሞቱም አሉ። እነዚህስ በገዛ ፈቃዳቸው ነው የወጡት ወይስ ተገደው? ልጁን በስደት ላይ ያለ አንባቢ ይህን ጥያቄ ከእኛ በተሻለ ይመልሰዋል። ሕግን መጣሳቸውን የሚያነሡ አሉ፤ የሚረዷቸውም በፍርድ ቤት ተከሰዋል። በጁላይ 2018 ዓ.ም. ግን የፈረንሳይ ሕገ መንግሥት ምክር ቤት፣ ወንድማማችነት ሕገ መንግሥታዊ ዋጋ ያለው መርሕ መሆኑን፣ ሰውም በአገሪቱ የሚኖረው በሕግ ይሁን ያለ ሕግ ሳይባል ሌላውን በሰብአዊ ርኅራኄ መርዳት እንደሚችል ወስኗል።

በብሪያንሶን አካባቢ ያሉ ፈቃደኞች፣ ከእነርሱም መካከል መንገድ መሪዎች፣ በክረምት ሌሊት ትኩስ ሻይና ብርድ ልብስ ተሸክመው ወደ በሩ ይወጣሉ። በበረዶው ላይ የእግር ዱካ ሲያገኙ ይከተሉታል። ሰውየውን ሲያገኙት መጀመሪያ የሚያዩት ጫማውንና ጣቶቹን ነው።